እንዝርቱና ባዘቶው፦ የአንድ ጨቅላ ኮከብ የጋዝ ፍሰት የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 14

ክረምቱ ወጥቷል፤ ሰማዩም ጠርቷል። ስናወራው የከረምነውን ሥራ ዛሬ ጀመርን። ሦስት ነን፦ የፊዚክስ መምህር የሆንኩት እኔ፣ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪና አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ። ንብረታችን አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ፣ አንድ ባይኖኩላርና አንድ ደብተር ሙሉ የግራፍ ወረቀት ነው። የምንሠራው ጎንደር፣ ማራኪ በተባለው ሰፈር ባለው የእናቴ ቤት በረንዳ ላይ ነው።

ዓላማችን አንድ ነው፤ ገና በመወለድ ላይ ያለ ኮከብ ከደመናው ውስጥ ወደ ውጭ የሚገፋውን ጋዝ በራሳችን እጅ መለካት። ምን ያህል ይፈጥናል? መገፋት ከጀመረ ስንት ዘመን ሆነው? ምን ያህል ይመዝናል? መልሱን ባለሙያዎች ቀድመው ጽፈውታል። እኛ የምንፈልገው ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ፣ ከጥሬው መረጃ አንሥቶ እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ፣ በዓይናችን ማየት ነው።

ጥቅምት 16

«መምህር፣ ለምን ከዚሁ ሆነን ራሳችን አንለካውም?» ብሎ የጠየቀው የ12ኛ ክፍሉ ነው። ተገቢ ጥያቄ ስለሆነ የዛሬውን ጊዜ ሁሉ ሰጠሁት።

ኮከቦች የሚወለዱባቸው የሞለኪውል ደመናዎች እጅግ ቀዝቃዛ ናቸው፤ ሙቀታቸው ከፍጹም ዜሮ በላይ 10 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። አብዛኛው አካላቸው የሃይድሮጅን ሞለኪውል ቢሆንም፣ በዚያ ብርድ ውስጥ ሃይድሮጅን ጨረር አይለቅም ማለት ይቻላል። ስለ እርሱ የሚመሰክርለት ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ለ10,000 የሃይድሮጅን ሞለኪውሎች አንድ ያህል ብቻ ይገኛል፤ ነገር ግን ሽክርክሪቱ ከመጀመሪያው ደረጃ ወደ መጨረሻው ዝቅተኛ ደረጃ በወረደ ቁጥር በ115.271 ጊጋኸርዝ፣ ማለትም በ2.6 ሚሊሜትር የሞገድ ርዝመት፣ ጨረር ይለቃል። ሮበርት ዊልሰን፣ ኪት ጀፈርትስና አርኖ ፔንዚያስ ይህን ጨረር ከኦሪዮን ኔቡላ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1970 ነው።

ይህን የሞገድ ርዝመት የአየር እርጥበት ይሻማዋል። አልማ የተባለው ባለ 66 አንቴና ቴሌስኮፕ በቺሊ በረሃ፣ በቻህናንቶር አምባ ላይ፣ በ5,000 ሜትር ከፍታ የተተከለው ስለዚህ ነው። ጎንደር ያለችው በ2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ መቀበያ መሣሪያውም የለንም። የአልማ መዝገብ ግን ለማንም ክፍት ነው። አንድ ተመራማሪ ያስለካው መረጃ በአብዛኛው ከአንድ ዓመት በኋላ ለዓለም ይለቀቃል።

«ካርቦን ሞኖክሳይድ ማለት በከሰሉ ጭስ ውስጥ ያለው ነው?» አለች የ11ኛ ክፍሏ። እርሱው ነው አልኳት። እናቴ ይህን ሰምታ ከሰል የተያያዘበትን ክፍል መስኮት ከፍታ መጣች።

ጥቅምት 21

ኮከብ መረጣ። ልጁ የፈለገው በታውረስ ደመና ውስጥ ያለውን ኤል 1551ን ነበር። ምክንያቱ ጠንካራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ሮናልድ ስኔል፣ ሮበርት ሎረንና ሪቻርድ ፕላምቤክ ከአንድ ጨቅላ ኮከብ ጋዝ በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ ሲወጣ በግልጽ ያሳዩት እዚያ ነው።

እኔ ግን ኸርቢግ–ሃሮ 46/47ን መረጥኩ፤ ምርጫዬንም ተከራክሬ አጸደቅሁት። የሚገኘው በደቡብ ሰማይ፣ ቬላ በተባለው ኅብረ ከዋክብት ውስጥ ነው። ከእኛ 450 ፓርሴክ ገደማ ይርቃል፤ ብርሃኑ እዚህ ለመድረስ 1,470 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ዛሬ የምናየው ብርሃን ጉዞ የጀመረው በዘመነ አክሱም ነው ማለት ነው። ከሰሜን አውሮፓ ሆኖ ይህን ቦታ ማየት አይቻልም፤ ከአድማስ በታች ነው። ከጎንደር ግን ወደ 26 ዲግሪ ከፍ ይላል። በኮምፒውተር ላይ የለካነውን ነገር አቅጣጫ አንድ ቀን ከጓሯችን ቆመን በጣታችን ማመልከት እንችላለን። ይህን እድል መተው አልፈለግሁም።

ስሙ የመጣው ከጆርጅ ኸርቢግና ከጊየርሞ ሃሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ መባቻ፣ እንግዳ የሆኑ ትንንሽ የብርሃን ጠብታዎችን በየፊናቸው ያጠኑ ሰዎች ናቸው። ጠብታዎቹ፣ ከጨቅላ ኮከቦች የሚወጣ ፈጣን ጋዝ በዙሪያው ካለው ጋዝ ጋር ሲጋጭ የሚያበራባቸው ቦታዎች መሆናቸው የታወቀው ቆይቶ ነው።

ኅዳር 2

የማውረዱ ሥራ አሥራ ሁለት ቀን ወሰደ። ፋይሉ ሦስት ጊጋ ባይት ገደማ ነው፤ ሁለት ጊዜ ከግማሽ ተቋርጦ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርን። በመጨረሻ ከተቋረጠበት የሚቀጥል ማውረጃ ተጠቅመን ሌሊት ሌሊት ጨረስነው። በሁለት ፍላሽ ላይ ገልብጫለሁ።

ኅዳር 4

ተከፈተ! የተጠቀምነው ነጻ ፕሮግራም ስሙ ካርታ ይባላል፤ በእኛም ቋንቋ ሥራውን የሚገልጽ ስም መሆኑ ልጆቹን አስደሰታቸው።

ፋይሉ አንድ ሥዕል አይደለም። እንደ ብራና መጽሐፍ ነው፤ እያንዳንዱ ገጽ ያንኑ የሰማይ ቁራጭ የያዘ፣ ግን በተለያየ ድግግሞሽ የተነበበ። ጋዙ ወደ እኛ ሲመጣ ድግግሞሹ ከፍ ይላል፤ ሲርቅ ዝቅ ይላል። ለዚህ መስመር፣ ማለትም ለካርቦን ሞኖክሳይዱ የ115.271 ጊጋኸርዝ ጨረር፣ የአንድ ኪሎ ሜትር በሰከንድ ልዩነት 0.38 ሜጋኸርዝ ያህል ነው። ገጾቹን በግማሽ ኪሎ ሜትር በሰከንድ ርቀት አደረግናቸው።

በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ የመሣሪያው ሁከት ብቻ ነው፤ እንደ ተነፋ ዱቄት እኩል የተበተነ ነጥብ። ልጅቱ አንድ አንድ ገጽ እየገለጠች ስትሄድ፣ ከመሐል አጠገብ አንዲት ጭረት ብቅ አለች። በቀጣዩ ገጽ ረዘመች። ከዚያ በሁለት ተከፈለችና የቀስት ቅርጽ ያዘች፤ ውስጧ ባዶ፣ ጠርዟ ብሩህ። «ዋሻ ነው» አለች ልጅቱ፣ እጇን ከቁልፉ ሳታነሣ። ልክ ነበረች። ፈጣኑ ጋዝ ደመናውን ሰርስሮ የከፈተው ዋሻ ነው፤ እኛ የምናየው ግድግዳውን ነው። ዕለቱን በሙሉ ሌላ ምንም አልሠራንም፤ ገጽ ስንገልጥ ዋልን።

ኅዳር 11

ስህተት አገኘን። ያገኘችው ልጅቱ ናት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

የሚመጣውን ጋዝ በሰማያዊ፣ የሚርቀውን በቀይ ቀለም አድርጌ ካርታ ሠርቼ ነበር። በካርታዬ ላይ ሰማያዊው ወገን በደቡብ ምዕራብ ወጣ። ልጅቱ የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 ይፋ የሆነውን የዚህኑ ኮከብ ምስል ከጎኑ አስቀምጣ ዝም ብላ ቆየችና፣ «መምህር፣ ወደ እኛ የሚመጣው እኮ የሰሜን ምሥራቁ ነው ብለውን ነበር» አለች።

እውነቷን ነው። በሰሜን ምሥራቅ ያለው ፍሰት ከጥቁሯ ደመና ወጥቶ ወደ እኛ ያዘነበለ ስለሆነ በሚታይ ብርሃን ደምቆ ይታያል። የደቡብ ምዕራቡ ወደ ደመናው ውስጥ ገብቶ ይርቃል። እኔ የገጾቹን ተራ በፍጥነት ቅደም ተከተል የተደረደረ አድርጌ ቆጥሬው ነበር፤ ፋይሉ ግን የተደረደረው በድግግሞሽ ነው። ድግግሞሽ ሲጨምር የመራቅ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር ተገልብጦ ተነበበ። ተማሪዎቼን ስንት ጊዜ «መጀመሪያ አሃዱን አንብቡ» እንዳልኩ አውቃለሁ።

ካርታውን እንደገና ስንሠራው ሌላ ነገር ታየ። ቀዩ ወገን ትልቅ ነው፤ ሰማያዊው ትንሽ። ልጁ ሌላ ስህተት መስሎት ደነገጠ። ይህ ግን እውነተኛው ተፈጥሮ ነው። ኮከቡ ያለው በትንሿ ደመና ጠርዝ አጠገብ ስለሆነ የሰሜን ምሥራቁ ፍሰት ቶሎ ከደመናው ያመልጣል፤ ከዚያ ወዲያ የሚገፋው ካርቦን ሞኖክሳይድ አያገኝም። የደቡብ ምዕራቡ ግን ብዙ ደመና ይጠብቀዋል።

ከዚህ የምንማረው ነገር ለሥራው በሙሉ መሠረት ነው። ከኮከቡ ራሱ የሚወጣው ቀጭን ፍሰት በሰከንድ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ይበርራል፤ እኛ ያለን መረጃ ግን በአብዛኛው እርሱን አያሳይም። የምንለካው ገፊውን ሳይሆን ተገፊውን ነው። ይህን በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በትልቁ አስጻፍኳቸው።

ኅዳር 25

መብራት የለም፤ ላፕቶፑም ተኝቷል። ስለዚህ ዛሬ በወሬ ዋልን። ልጁ «ኮከቡ ለማደግ ጋዝ ከፈለገ፣ ለምን መልሶ ይተፋዋል?» አለ።

እናቴ አጠገባችን ተቀምጣ ትፈትል ነበር። ባዘቶውን በግራ እጇ ይዛ፣ እንዝርቱን በጭኗ ላይ አሽከርክራ ትለቀዋለች፤ ጥጡ እየቀጠነ፣ እየተጠመዘዘ ይወርዳል። ስናገር የነበረውን ትቼ ወደ እርሷ አመለከትኩ።

ደመናው ባዘቶው ነው፤ ሰፊ፣ ልል፣ ቀስ ብሎ የሚዞር። ጋዙ ወደ መሐል ሲወድቅና ሲጠብብ ሽክርክሪቱ ይፈጥናል። ቢፈጥን ቢፈጥን አንድ ቦታ ላይ መውደቁን ያቆማል፤ በኮከቡ ዙሪያ እንደ እንዝርቱ ክብ ያለ ዲስክ ሆኖ ይዞራል። ወደ ኮከቡ ለመድረስ ሽክርክሪቱን ለሌላ ማስረከብ አለበት። ተረካቢው በመግነጢሳዊ መስክ ተስቦ በዲስኩ ዘንግ በኩል የሚወጣው ጋዝ ነው። ጥቂቱ ሽክርክሪቱን ተሸክሞ ይወጣል፣ ብዙው ይገባል። መትፋቱ የማደጊያ ዋጋው ነው።

«ዘንጉ በሁለቱም በኩል ይወጣል፤ እንደዚሁ» አለች ልጅቱ እንዝርቱን እያየች። እናቴም «ልጆቼ፣ የሚያሽከረክረው ማን ነው ታዲያ?» ብላ ጠየቀች። ምሳሌው የሚጎድለው እዚህ ላይ ነው። እንዝርቱን የሚያዞረው የሰው እጅ ነው፤ ኮከቡ ግን ከውጭ የሚያዞረው የለም፤ ደመናው ከመጀመሪያው የያዘው ትንሽ ዙረት ሲጠብብ ነው የሚፈጥነው። ለእናቴ እንዲህ ብዬ ስነግራት ጥቂት አሰበችና «እንግዲያ እጁ ከባዘቶው ውስጥ ነበር» አለችኝ። ከዚህ የተሻለ አነጋገር እስካሁን አላገኘሁም።

ታኅሣሥ 8

ከባዱ ሥራ ዛሬ ተጀመረ። ከቀዩ ወገን አንድ ነጥብ መርጠን፣ የእያንዳንዱን ገጽ ብሩህነት በግራፍ ወረቀት ላይ በእርሳስ አስቀመጥን። ኮምፒውተሩ በአንድ ሰከንድ ይሥለዋል፤ ነገር ግን በእጅ የተሣለ መስመር የት ላይ እንደሚያጠራጥር ይታወቃል።

ደመናው ራሱ ያለበት ፍጥነት በሰከንድ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ አጠገብ መስመሩ ከፍ ይላል ብለን ስንጠብቅ ተንቦርቅቆ ወደ ታች ወረደ፤ ከዜሮም በታች ገባ። ልጁ ነጥቦቹን ሁለት ጊዜ ደግሞ ለካቸው። ስህተት አልነበረም። አልማ ብዙ አንቴናዎችን አገናኝቶ የሚያይ መሣሪያ ነው፤ ዝርዝሩን አጥርቶ ያያል፣ በጣም የተንጣለለውን ጋዝ ግን ይስታል። አንቴናዎቹ ከተወሰነ ርቀት በላይ ሊቀራረቡ ስለማይችሉ፣ በሰማዩ ላይ ከተወሰነ ስፋት በላይ የተንጣለለ ነገር ያመልጣቸዋል። ደመናው ደግሞ የተንጣለለ ነው።

እንግዲህ ፍሰቱ ከየት ይጀምራል? ከመሐሉ፣ ማለትም ከደመናው ፍጥነት፣ በ1 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ብንቆርጠው ደመናውን ጨምረን እንመዝናለን። በ5 ብንቆርጠው ብዙ ፍሰት እንጥላለን። በወረቀቱ ላይ የመስመሩ ክንፍ እንደ ቁልቁለት ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው፤ «ከዚህ ወዲህ ደመና፣ ከዚህ ወዲያ ፍሰት» የሚል ምልክት የለውም። ሦስት ሰዓት ተከራከርን። በመጨረሻ 2 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ላይ ቆረጥን፤ ምክንያታችንንም ጽፈን ፈረምን፤ በ1 እና በ3 ቆርጠንም ደግመን ለማስላት ተስማማን።

ፈጣኑ ጋዝ ለዓይን ይማርካል። ክብደቱ ግን ያለው ከዝግተኛው ዘንድ ነው፤ ዝግተኛው ደግሞ ከደመናው ጋር ተቀላቅሎ የተደበቀው ነው። ይህ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል።

ታኅሣሥ 16

ዕድሜ። በቀዩ ወገን ላይ ከኮከቡ 30 የቅስት ሰከንድ (አንዱ የቅስት ሰከንድ የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ ነው) የምትርቅ ቦታ ወሰድን። በ450 ፓርሴክ ርቀት ይህ ከፀሐይ እስከ ምድር ያለው ርቀት 13,500 ጊዜ ተደጋግሞ ነው፤ ሁለት ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ። ጋዙ ከደመናው አንጻር በሰከንድ በ20 ኪሎ ሜትር ቢርቅ፣ ያን ያህል ለመጓዝ 3,200 ዓመት ይፈጅበታል።

ነገር ግን የምናየው ርዝመት ጥላ ነው፤ የምንለካው ፍጥነትም ወደ እኛ ወይም ከእኛ ወዲያ ያለው ድርሻ ብቻ ነው። ፍሰቱ ከሰማዩ ገጽ 30 ዲግሪ ገደማ ያዘነበለ ነው። ይህን ለማሳየት የእናቴን እንዝርት ተዋስን። ዘንጉ 30 ሴንቲ ሜትር ነው። መጀመሪያ በእጅ ባትሪ ግድግዳ ላይ ጥላውን ስንጥል 34 ወጣ፤ ከራሱ የረዘመ ጥላ! የባትሪው ብርሃን እየተበተነ ስለሚሄድ ያተልቀዋል። እንዝርቱን ይዘን ወደ ጓሮ ወጣን። የፀሐይ ጨረር ትይዩ ነው። ነጭ ካርቶን ፊት ለፊት ለፀሐይ አቁመን፣ እንዝርቱን ከካርቶኑ በ30 ዲግሪ አዘንብለን ያዝነው። ልጅቱ በማስመሪያ ለካች፤ 26 ሴንቲ ሜትር። ስሌቱም የሚለው 26 ነው።

ርዝመቱ ከሚታየው በጥቂቱ ይበልጣል፤ እውነተኛው ፍጥነት ግን ከለካነው እጥፍ ነው። ሁለቱን ስናስተካክል 3,200 ዓመቱ ወደ 1,850 ወረደ። ይህ የፍሰቱ ሁሉ ዕድሜ አይደለም፤ የዚያች ቦታ ጋዝ የጉዞ ጊዜ ነው። ኤክቶር አርሴና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 በአልማ መረጃ ይህንኑ ፍሰት አጥንተው ኮከቡ ጋዝ የሚያስወጣው በየጥቂት መቶ ዓመቱ እየተነሣበት መሆኑን አሳይተዋል። እንደ እናቴ አፈታተል ነው፤ ታሽከረክራለች፣ ትጠቀልላለች፣ ደግሞ ታሽከረክራለች።

ጥር 10

ከተራ ነው። ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መጥመቂያ ይወርዳሉ፤ ሥራ የለም።

ጥር 24

ክብደት። የእያንዳንዱን ገጽ ብሩህነት ደምረን፣ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ብዛት፣ ከዚያም በ10,000 አባዝተን ወደ ሃይድሮጅን ቀየርነው። በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ሁለት ጉድጓድ አለበት።

አንዱ ሙቀት ነው። የጋዙን ሙቀት 15 ኬልቪን (ከፍጹም ዜሮ በላይ 15 ዲግሪ) ብለን ብንነሣ አንድ ክብደት ይወጣል፤ 50 ብንል ያው ብሩህነት ከሁለት እጥፍ በላይ ክብደት ይሰጣል። ጋዙን ሄዶ በቴርሞሜትር የሚለካ የለም። ሁለቱንም ጻፍን።

ሁለተኛው የከፋ ነው። ስሌታችን ጨረሩ ሁሉ ሳይታገድ ይደርሰናል ብሎ ይነሣል። በዝግተኛው ጋዝ ውስጥ ግን የፊተኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ የኋለኛውን ይጋርዳል፤ ሕዝብ በተሰበሰበበት የፊተኛው ረድፍ ብቻ እንደሚቆጠረው ማለት ነው። መፍትሔው ካርቦን 13 ከተባለው ከበድ ያለ የካርቦን ዓይነት የተሠራውን ብርቅ ዘመዱን መቁጠር ነው። በእኛ የሰማይ አካባቢ ከ60 በላይ ለሚሆን ተራ ካርቦን አንድ ካርቦን 13 አለ። መጋረድ ከሌለ የሁለቱ መስመሮች ብሩህነትም በዚያው ልክ ይለያያል። ልዩነቱ ካነሰ ተራው ተጋርዷል ማለት ነው። የዚያን መስመር ፋይል ገና አላወረድንም። እስከዚያ ድረስ ያገኘነው ቁጥር «ከዚህ አያንስም» ከሚል ቃል ጋር ብቻ ይጻፋል። ልጁ ቅር ብሎታል፤ አንድ ቁጥር ፈልጎ ነበር። እኔ ግን በሦስት መቁረጫና በሁለት ሙቀት የተሠራችውን ባለ ስድስት ሣጥን ሠንጠረዥ ወድጃታለሁ። በስድስቱም ሣጥን ውስጥ ቀዩ ወገን ከሰማያዊው ይከብዳል፤ ይህ አልተናወጠም።

የካቲት 22

ከማታው 4 ሰዓት ከ20። ሰፈሩ በሙሉ መብራት ጠፍቶበታል፤ ለዛሬ ተመስገን የሚያሰኝ ነው። ጓሮ ወጥተን ወደ ደቡብ፣ ወደ አዘዞ በኩል፣ ፊታችንን አዞርን። ልጆቹ ከወላጆቻቸው ጋር መጥተዋል፤ እናቴም ጋቢዋን ደርባ ወጣች።

ካኖፐስ የተባለው ኮከብ በስተቀኝ ደምቆ ይታያል። ከእርሱ ወደ ግራ ጋማ ቬሎረም፣ ዝቅ ብሎ ደግሞ ዴልታ ቬሎረም። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ክንድን ዘርግቶ የተጨበጠ እጅ ያህል ነው። ከአንድ ወር በፊት አቀማመጣቸውን በግራፍ ወረቀት ላይ ስናሰፍር ልጁ አንድ ነገር አግኝቶ ነበር፤ ኮከባችን ያለው በሁለቱ መሐል ላይ፣ ልክ እኩሌታው አጠገብ ነው። በባይኖኩላሩ ወደዚያ አየን። ከጥቂት ደቃቅ ኮከቦች በቀር ምንም የለም፤ እንዲኖርም አልጠበቅንም። ልጅቱ ባይኖኩላሩን ለማንም ሳታቀብል ረጅም ጊዜ ቆየች።

«የቱ ጋ ነው?» አለች እናቴ። እንዝርቱን ከእጇ ተቀብዬ ክንዴን ዘረጋሁ። ወደ ደቡብ ለቆመ ሰው ምሥራቅ በግራ፣ ሰሜን ደግሞ ወደ ላይ ነው። ስለዚህ የእንዝርቱን ጫፍ ወደ ግራ ሽቅብ አድርጌ ወደ እኛ አዘነበልኩት፤ ሌላው ጫፍ ወደ ቀኝ ቁልቁል፣ ወደ አዘዞ ኮረብታዎች ይርቃል። ያኔ ነው ያስተዋልነው፤ እንዝርቱ ሁለቱን ኮከቦች የሚያገናኘውን መስመር መስቀለኛ ሆኖ ይቆርጠዋል ማለት ይቻላል። ክቡ ከመሐል ላይ ሰማዩን ጥቂት ጋረደው።

እናቴ ከኋላዬ ቆማ በዘንጉ ላይ አሻግራ አየች። «የሚመጣው ይህኛው ነው» አለች፣ የላይኛውን ጫፍ በጣቷ እየነካች።